ረጅም አንገት፣ ትንሽ ጭንቅላት

ሐምሌ 24፣ ምሽት

ዛሬም አመሸ። ምስር ወጡን ሁለቴ አሞቅኩት። ሰይድ ገና ከበር ሳይገባ ወሬ። ልብሱ ብየዳ ብየዳ ይሸታል፣ ፊቱ በርቷል። ወሬው ስለ አንገት ነው። የዳይኖሰር አንገት።

አንቺ ማስታወሻዬ፣ ይህ ባሌ ወሬኛ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ከብረታ ብረት ፋብሪካው ይመጣል፤ እንዴት ዋልክ እለዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ አለቀ። ዛሬ ግን የተጠቀለለ እንጀራ ወደ ላይ አንሥቶ ያስተምረኛል። አንገቱ አሥራ ሦስት አጥንት አለው። ቀጭኔ እንኳ እንደ እኛው ሰባት ብቻ ነው ያላት። አጥንቱ ደግሞ ውስጡ ክፍት ክፍት ነው፣ አየር የሞላበት። ድፍን ቢሆን ኖሮ ማን ይችለው ነበር ይለኛል። እኔን! የባዮሎጂ አስተማሪዋን!

አውቃለሁ አልኩት። ስለ አየሩ አላውቅም ነበር።

ማን ነገረህ? መልሱን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። ወ/ት ሂሩት።

ሐምሌ 25፣ ከሰዓት

ትናንት ተናድጄ ነገሩን ከመሐል ጀመርኩብሽ። ነገር ከሥሩ ይሻላል።

ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። ሊቀ መንበሩ (ሊ/መ) ጓድ ታደሰ ዘንድሮ ከፎቶግራፍና ከመፈክር የተለየ ነገር ፈለጉ። ሕዝቡን ከአጉል እምነት የሚያላቅቅ፣ ተፈጥሮ እንዴት እየተለወጠች እንደመጣች የሚያሳይ። ስለዚህ በቀበሌው ግቢ የግዙፍ ዳይኖሰር አጽም ይቆማል። የብረት አጽም። ፋብሪካው ውዳቂ ብረትና አንድ በያጅ ሰጠ። በያጁ ሰይድ ነው። ልኩንና ዕውቀቱን የምትሰጠው ወ/ት ሂሩት። ሰኔ ላይ ከምሥራቅ ጀርመን ተመርቃ መጥታ እኛ ት/ቤት ተመደበች። በባዮሎጂ።

በዚህ ት/ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። አንድ ሰው እንኳ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አላለኝም።

ቀንቻለሁ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?

ሐምሌ 27፣ ምሽት

በአዳራሹ ስላይድ አሳየች። መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ አጽሙ ቆመ። ያ ረቢ! ከሥሩ ያሉት ሰዎች ከጉልበቱ አይደርሱም። የፊት እግሮቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ከትከሻው ወደ ጅራቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያዘቀዝቃል። እግሮቹ ምሰሶ ናቸው። አንገቱ ሄዶ ሄዶ ጣሪያው ጋ ይደርሳል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ጭንቅላት። ብራኪዮሶረስ ይባላል። ሕዝቡ ስሙን ከአፏ ተቀብሎ ደገመ።

ከዚያ አጥንቱ ከየት እንደተገኘ ነገረችን። ከታንጋኒካ። ጀርመኖች ቆፈሩት፣ የአገሬው ሰው በራሱና በትከሻው ተሸክሞ ባሕር ድረስ አደረሰላቸው። የአፍሪካን አጥንት ለማየት በርሊን መሄድ ግድ ነው ማለት ነው። እሷ ሄዳለች። ከሥሩ ቆማለች። ቀይ ሹራብ ለብሳ የተነሣችው ስላይድ አለ።

ላንቺ ብቻ፦ የዛሬ አምስት ዓመት ለዚያው ስኮላርሺፕ ከተመረጡት ውስጥ የእኔም ስም ነበረበት። ሐያት ሆዴ ውስጥ ነበረች። በእግሬ ሄጄ ይቅርብኝ ያልኩ እኔው ነኝ። ሰይድ እንኳ ሂጂ ነበር ያለኝ። የምወቅሰው ሰው ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስንወጣ ቀረብ ብላ፣ እንዴት አዩት እትዬ ፋጡማ አለችኝ። እትዬ! በሁለት ዓመት ብበልጣት ነው።

ሐምሌ 30

የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ስብሰባ ገባሁ። ማንም አልጠራኝም፤ የማንም ፈቃድ ሳልጠይቅ ገባሁ። እጄን አወጣሁ። ይህ እንስሳ በሐይቅ ውስጥ ነው የሚኖረው አልኩ። ያን የሚያህል ገላ ውሃ ካልደገፈው በምድር ላይ አይቆምም። የአፍንጫው ቀዳዳ ከግንባሩ በላይ የሆነው ገላውን አጥልቆ እንዲተነፍስ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አስተምሬያለሁ፤ እኔም እንዲህ ተምሬያለሁ።

እሷ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ፣ ለስለስ ብላ አስረዳች። የድሮ ሳይንቲስቶች እንደዚያ ይሉ ነበር። ግን ገላው ያን ያህል ከጠለቀ ውሃው ደረቱን ይጫነዋል፣ ሳንባው አየር ሊስብ አይችልም። በደረቅ መሬት ነው የኖረው፣ እንደ ዝሆን። ቆሞ የዛፍ ጫፍ እየለቀመ።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰይድ በስተቀኜ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ለእሷ ይነቀንቃል!

መንገድ ላይ ቀድሜው ሄድኩ። አልገባውም። ፋጤ፣ ያን የሚያህል ነገር ጭቃ ከገባ መቼ ይወጣል፣ የፋብሪካውን የጭነት መኪና አላየሽም ወይ ይለኛል። የአቃቂ ጭቃም ከእሷ ወገን ሆነ።

ነሐሴ 2

ግቢው ሄድኩ። ለሰይድ ምሳ ላደርስ። (ውሸት ነው። ላያቸው ነው የሄድኩት።)

ለዝናቡ በተወጠረ ሸራ ሥር አራቱ እግሮች ቆመዋል። የጎን አጥንቱ ከፌሮ ብረት ተቆልምሞ ተበይዷል። ሰይድ ያንን ሁሉ በልክ በልክ ሠርቶታል። የፋብሪካው አለቆች እንኳ እየመጡ ያዩታል። ኮራሁበት። ወዲያው ደግሞ የሰይድን የብየዳ መነጽር አጥልቃ ስትስቅ አየኋት። ሰይዶ፣ ምንም አይታየኝም ትላለች።

ሰይዶ። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ሰይድ ነበር። ከዚያ ሰይድ። ዛሬ ሰይዶ። እኔ እትዬ እንደሆንኩ ቀረሁ።

ስመለስ ሽኩር ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገባሁ። ባለቤትሽ ሰሞኑን ሳቂታ ሆኗል አለኝ። ክፋት የለውም፣ የስልጤ ነጋዴ ደንበኛውን ማጫወት ሥራው ነው። ሳሙናውን ሳልይዝ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሐያት በከሰል ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ሥላለች። ረጅም አንገት። ከሥሩ ክብ ክብ። ምንድን ነው ይሄ? እንቁላሎቹ ናቸው። እናትየዋ ጥላቸው ትሄዳለች፣ ልጆቹ ራሳቸው ፈልፍለው ይወጣሉ፣ ቶሎ ቶሎ ያድጋሉ፣ ቲቸር ሂሩት ነገረችኝ። ልጄም ሄደች በይ።

ነሐሴ 5፣ ምሽት

አንገቱ ቆመ።

ሰይድ የሠራውን ላስረዳሽ፣ እውነት እውነት ነውና። ያን የሚያህል አንገት በብረት ብቻ ቢያቆመው በክብደቱ ይጎብጣል። ስለዚህ ከትከሻው እስከ አንገቱ ጫፍ በላይ በኩል ካቦ፣ የብረት ገመድ፣ ወጠረበት። በወዲያ በኩል ጅራቱ ሚዛን ይጠብቃል። ይህን ከራሱ አፍልቆ ነው የሠራው። ለሂሩት ሲያሳያት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እንስሳውም እንደዚሁ ነበር አለችው፤ በአንገቱ ላይ እንደ ካቦ የተወጠረ ጠንካራ ጅማት ነበረው።

ይህን ሲነግረኝ የነጠላዬን ጫፍ እንደ ካቦው ወጥሮ ያሳየኛል። ባሌ ደስ ብሎት ሳየው አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ጭንቅላቱንም ገጥመዋል። ከስስ ላሜራ። በጣም ትንሽ ናት። ስላይዱ ላይ ከአንገቱና ከእግሩ ጋር በክር ለክቻታለሁ፣ ስህተት ላገኝባት። አላገኘሁም። ልክ ናት። ትልቅ ጭንቅላት አያስፈልገውም፣ አያላምጥም። በጥርሱ ቅጠሉን ይቀነጥባል፣ ይውጣል፤ ቀሪውን ሥራ ቀኑን ሙሉ ሆዱ ይሠራዋል።

እኔም ሰሞኑን ሳላላምጥ እየዋጥኩ ነው። ሆዴ ግን አልፈጭ አለኝ።

ነሐሴ 8

የውይይት ክበብ ነበረን። በመጨረሻ እንደተለመደው ሂስና ግለ ሂስ። አልናገርም ብዬ ነበር የገባሁት።

ተናገርኩ።

ጓድ ሂሩት የጋራ አሠራር አትከተልም አልኩ። ልምድ ያላቸውን አታማክርም አልኩ። አዳራሹ ሲያዳምጠኝ ጊዜ ደስ አለኝ፣ ቀጠልኩ። ጭንቅላቱም በዝቶ ትንሽ ነው አልኩ። ያን በሚያህል ገላ ላይ ይቺን የምታህል ጭንቅላት ተቀምጣ ሲያይ ሕዝቡ ምን ይላል?

ሕዝቡ ይስቃል ማለቴ ነበር። በእሷ ይስቃል። ግን አዳራሹ ጭጭ አለ። ጓድ ታደሰ መጻፋቸውን አቁመው ቀና አሉ። ትልቅ ገላ፣ ትንሽ ጭንቅላት። ገላው ሕዝቡ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ማን? ሁሉም አሰበው። እኔም እንደነሱ በዚያች ቅጽበት አሰብኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሂሩት አየችኝ። አልተናደደችም። ፈራች።

ነሐሴ 10

ጓድ ታደሰ ሥራውን ሊጎበኙ መጡ። ጭንቅላቱ ይለወጥ አሉ። ትልቅ ይሁን፣ የሚታይ፣ ወደ ፊት የሚያይ። ከበርሚል ይሠራ። ሂሩት እምቢ አለች። በሶሻሊስት አገር ሙዚየም ቆሞ የተለካ ነው፣ እኔ የጨመርኩት የለም አለች። እሳቸው ደግሞ፣ በባዮሎጂ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት ጓድ ፋጡማ ትንሽ ነው ብላለች አሏት።

የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጉንጬ ሞቀ።

ልክ ነው፣ ትንሽ መሆን አለበት አላልኩም። እዚያው ቆሜ ነበር። ሰይድ ዞሮ አየኝ። እኔ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁ።

ነሐሴ 14

ሰይድ አያናግረኝም። ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ይሄዳል። ወሬው ሁሉ ደረቀ። ይኼን አልነበር የፈለግሽው በይኝ።

ከሽኩር ነው የሰማሁት። ሰይድ ለጓድ ታደሰ፣ አንገቱ በርሚል አይችልም፣ ካቦው ለትንሿ ነው የተሰላው ብሏቸዋል። ጽናት ካለ ሁሉ ይቻላል አሉት። አማራጭ አልነበረውም፣ በየደው። በርሚሉን ነጭ አቡጀዴ አልብሰው ዓይን ሥለውበታል። ሲታይ ያስቃል። ማንም አይስቅም።

ነሐሴ 16

ወደቀ።

በምሳ ሰዓት፣ በዝናቡ ውስጥ። ካቦው ሲበጠስ ድምፁ ሐዲዱ ድረስ ተሰማ ይላሉ። አንገቱ ከነበርሚሉ የክብር እንግዶች መቀመጫ ላይ ተዘረረ። ሰው አልነበረበትም፣ አልሐምዱሊላህ። ሰይድን ብቻ የካቦው ጫፍ ክንዱን ገርፎታል። ክሊኒክ ሰፉት።

ጓድ ታደሰ አንድ ቃል ነው የተናገሩት። አሻጥር።

ከሰ. በ9 ሰዓት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሂሩትን ወሰዷት። አሁን ቀበሌው እስር ቤት ናት። ሰይድም ከአቃቂ እንዳትወጣ ተብሏል።

ነሐሴ 17

ስንቅ የሚያቀብላት የላትም። ወላጆቿ ደብረ ማርቆስ ናቸው፣ እዚህ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሰይድ በተሰፋ ክንዱ ሳህን ፍለጋ ጓዳ ገባ። እኔ እወስዳለሁ አልኩት። ደግነት እንዳይመስልሽ። እሱ እንዳይወስድ ነው።

ሽሮ ሠራሁ። በር ላይ ጠባቂው ቅመሺ አለኝ። ደንቡ ነው፣ ያመጣ ሰው ፊታቸው ይቀምሳል። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ለጠላቴ የሠራሁት ምግብ መርዝ እንደሌለበት በገዛ አፌ መሰከርኩ።

በአጥሩ ቀዳዳ ታየችኝ። ያው ቀይ ሹራብ፣ ክርኑ ጭቃ ነክቶታል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ የሰይድ ክንድ እንዴት ሆነ? ሰውነቴ ነደደ። ታስራም! ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እትዬ ፋጡማ፣ ጭንቅላቱ ልክ እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም።

ሳህኑን ተቀብዬ ወጣሁ። ጨርሳዋለች።

ነሐሴ 18

ጓድ ታደሰ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ።

ከነገ ወዲያ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ሰዎች ይመጣሉ፣ በአዳራሹ በሕዝብ ፊት ይጣራል። ባለሙያ ሆኜ የምናገር እኔ ነኝ። ቃሉን አላስጠኑኝም፣ ግን ገባኝ። የእንስሳው ጭንቅላት ያን ያህል ትንሽ አይደለም ልል ነው። ሂሩት ሆን ብላ አሳንሳዋለች፣ አንገቱንም እንዲወድቅ አድርጋ ነድፋዋለች ልል ነው። በርሚሉን ማን እንዳዘዘ አይነሣም።

እንደዚያ ካልኩ ሰይድ የተታለለ ላብ አደር ነው፣ ነፃ ይወጣል። ኤግዚቢሽኑን እኔ እረከባለሁ። በመጨረሻ፣ በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ ለከርሞ ወደ ጀርመን ለሚላኩ መምህራን ቀበሌው ድጋፍ እንደሚጽፍ ጣል አደረጉ። አየሽ፣ ሁሉንም ያውቃሉ።

እሷ ወደ ከፍተኛው ትዛወራለች። ከዚያ ወዴት እንደሚኬድ አንጽፍም።

እውነቱን ብናገር ጥፋቱ የማን ይሆናል? የበርሚሉ። በርሚሉ የማን ነው? የሊ/መ። እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን አይወድቁም፣ የበየደውን ይዘው ነው። ባሌን።

አጽሙን አስባለሁ። ያ ሁሉ ገላ፣ ያ ሁሉ ሆድ፣ ደም ከልብ እስከ ጭንቅላት ለመድረስ ያን ሁሉ መንገድ። ልቡ ምን ያህል ትልቅ ይሆን? ሂሩትን ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኳትም፣ እንዳታስተምረኝ ብዬ።

ነሐሴ 19፣ ከሰዓት

ሰይድን አስቀምጬ ጠየቅኩት። ከእሷ ጋር ምን አለህ? አፍ አውጥቼ።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አልሳቀም። ምንም የለኝም ወላሂ አለ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር አለ። አሥራ አምስት ዓመት ብረት ስበይድ፣ ይሄ ብረት እንዴት ቆመ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እሷ ጠየቀችኝ።

እኔ ጠይቄው አላውቅም። እንዴት ዋልክ እንጂ።

ሌላ ሴት አለችኝ ቢለኝ በጮህኩበት፣ ባረፍኩ። በዚህኛው ግን በማን ልጩህ? የጓድ ታደሰን ነገር ነገርኩት፣ ስኮላርሺፑን ጭምር። የክንዱን ፋሻ ጠበቅ አደረገ። እኔን ብለሽ አትዋሺ አለኝ። በይጄዋለሁ፣ ካቦው አይችልም ብዬ ነው የበየድኩት፣ የሰማ ሰው አለ፣ የሚመጣውን አብረን እንችላለን። ካልሽ ግን ለራስሽ ብለሽ በይው።

አትዋሺ ያለኝ ለእሷ ብሎ ነው ወይ ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ ምን ላድርግሽ፣ አሰብኩ።

ነሐሴ 20፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጉባኤው በ3 ሰዓት ነው። ሰይድ ሸሚዝ ይለብሳል፣ የታሰረው ክንዱ እጅጌው ውስጥ አልገባ ብሎታል። ሐያትን ለሽኩር ሚስት ሰጥቻታለሁ። ከተመለስን እንወስዳታለን።

ጭንቅላቱ ልክ ነበር እላለሁ። ወስኛለሁ። ያን የሚያህል አንገት ትልቅ ጭንቅላት አይችልም፣ ለዚህ ነው ትንሽ የሆነው፣ የነደፈችውም የበየደውም አላጠፉም እላለሁ። ይኼ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ጓድ ታደሰ መዝገባቸውን ገልጠው፣ ታዲያ የዚያን ዕለት በክበቡ ትንሽ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ ይሉኛል። ተሳስቼ ነው ብል፣ የትኛው ነው ስህተቱ፣ የዚያን ቀኑ ወይስ የዛሬው ይሉኛል፤ ምስክርነቴን ውሃ በላው። የሚያዋጣ መልስ አንድ ብቻ ነው። በግለ ሂስ የምንላቸውን ሁሉ ቆጠርኳቸው፦ አድርባይነት፣ ቸልተኝነት፣ ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ። አንዳቸውም አይሆኑም፣ አንዳቸውንም አያምኑኝም። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያምነኝ የእውነቱን ስል ነው፣ ሁሉም ያውቀዋልና። ቀንቼ ነው እላለሁ። በዕውቀቷ ቀንቼ ነው። በባሌም ቀንቼ ነው። ሽኩር ይሰማል። ተማሪዎቼ ይሰማሉ። የከፍተኛው ሰዎች ይሳቁ። እሷም ፊቴ ቆማ ትሰማለች፣ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ብትፈታ ነገ መጥታ ሰይዶ ትለዋለች። አንጀቴ ያርራል። ዛሬም እያረረ ነው፣ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ። መልካም ሰው ሆኜ፣ ልቤ ጠርቶ ብሄድ ደስ ባለኝ። ግን ቅናቱ እስኪለቀኝ ልጠብቅ ብል እሷ አትቆይልኝም።

ሰይድ በር ላይ ሆኖ እየጠራኝ ነው። ከነቅናቴ እሄዳለሁ።